«ነምበር ዘ ስታርስ»ን ከልጅ ጋር እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ 4ኛ ወይም 5ኛ ክፍል ላይ ይህ መጽሐፍ በልጃችሁ ቦርሳ ቤት ሊመጣ ይችላል። የሎይስ ሎውሪ «ነምበር ዘ ስታርስ» («ከዋክብትን ቍጠር») እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ፣ 17 ምዕራፍ ያለው ቀጭን ልብ ወለድ ነው። ኮፐንሃገን የምትኖር አነማሪ የተባለች የ10 ዓመት ልጅና ቤተሰቧ አይሁዳዊት ጓደኛዋን ኤለንን ከናዚዎች ሲሸሽጉ ያሳያል። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ልጁ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ምን ተረዳህ ሲባል ግን «ደበቋት፣ ከዚያ በጀልባ ሄደች» ብሎ ያቆማል። ትልልቆቹ ከአነማሪ የደበቁት ነገር ከአንባቢውም ስለሚደበቅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መያዝ ያለበት ጥያቄ «ማን ምን ያውቃል?» የሚለው ነው።

1. ካርታና ቀን (15 ደቂቃ)። ኮፐንሃገንን፣ በስተሰሜን ያለችውን የጊለላይን ወደብና ማዶ ያለችውን ስዊድን አሳዩት። ስዊድን ገለልተኛ ነበረች፤ ባሕሩ በጣም በሚጠብበት በሄልሲንግኦር በኩል ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከታሪኩ ሦስት ቀኖችን ብቻ ንገሩት፦ ጀርመን ዴንማርክን የያዘችበት ሚያዝያ 1940፣ የዴንማርክ ባሕር ኃይል ጀርመኖች እንዳይወስዱበት የገዛ መርከቦቹን ያሰጠመበት ነሐሴ 29 ቀን 1943፣ አይሁዶችን የማፈሱ ዘመቻ የጀመረበት የጥቅምት 1 ቀን 1943 ሌሊት (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)።

2. ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት። «ምዕራፍ»፣ «የተባለው»፣ «እውነቱ» በሉት። ትንሿ እህት ኪርስቲ በልደቷ ቀን የሰማችው ፍንዳታ ርችት ነው ተብላለች፤ እውነቱ እየሰጠሙ ያሉት መርከቦች ናቸው። ምዕራፍ 6 ላይ አባትየው ለአጎት ሄንሪክ ስልክ ደውሎ ሲጋራ እንደሚላክለት ይነግረዋል። ኮፐንሃገን ውስጥ ሲጋራ ጠፍቷል፤ «ሲጋራው» ኤለን ናት። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ባዶውን ተዉት፣ አትንገሩት። ታላቅ እህቷ ሊሰ በአደጋ ሞተች የሚለው መስመር እስከ ምዕራፍ 17 ሳይሞላ ይቆያል።

3. ምዕራፍ 5ን በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ። የጀርመን ወታደሮች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይገባሉ። አነማሪ የኤለንን የዳዊት ኮከብ (የአይሁድ ምልክት) ሐብል ከአንገቷ በጥሳ በጭብጧ ትይዛለች። ኤለን ሊሰ ነኝ ብትልም ጥቁር ፀጉሯ ያሳጣታል። ያኔ አባትየው የሊሰን የሕፃንነት ፎቶ፣ ፀጉሯ ጥቁር በነበረበት ጊዜ የተነሳውን፣ ከአልበሙ ገንጥሎ ያቀርባል። እዚህ ቆም በሉና «አልበሙን እንዳለ ለምን አልሰጠም?» ብላችሁ ጠይቁ። አልበሙ ላይ የልደት ቀኗ ተጽፏል፤ ቢታይ በዕድሜዋ ይነቃባቸው ነበር። ይህን ያላየ ልጅ አባትየው በንዴት የቀደደው ይመስለዋል።

4. ምዕራፍ 8 እስከ 10፣ የሬሳ ሣጥኑ። በአጎት ሄንሪክ ቤት ሳሎን ውስጥ ሌሊቱን የሚያድር ሣጥን ለእኛ ልጅ እንግዳ ነው፤ በዚያ አገር ገጠር ከቀብር በፊት እንዲህ ይደረግ እንደነበር አስረዱት። ሞቱ የተባሉት አክስት ቢርተ ኖረው አያውቁም። አነማሪ ይህን ስትደርስበት ሄንሪክ ሁሉን ያላወቀ ሰው ለመድፈር ይቀለዋል ይላታል። ቀጥሎ ያለው አንድ ገጽ የመጽሐፉ መታጠፊያ ነው፦ ኤለን በአክስቷ ሞት ታጽናናታለች፣ አነማሪም እውነቱን አትነግራትም። እስካሁን ይደበቅባት የነበረችው ልጅ አሁን ደባቂ ሆነች። በወረቀቱ ላይ ያቺን መስመር በሌላ ቀለም ጻፉ። ወታደሩ ሣጥኑ ይከፈት ሲል እናትየው «ተስቦ ነው» ትላለች፤ ውስጡ ያለው ልብስና ብርድ ልብስ ነው።

የመጽሐፉ ርዕስ የመጣው እዚያው ሣጥኑ አጠገብ ከሚነበበው መዝሙር 147 ነው። በግዕዙ ዳዊት ከፈለጋችሁ አታገኙትም፤ እዚያ 146 ነው። ከዋክብት ቍጠር ሲባል አብርሃም ትዝ ቢላችሁም ጥቅሱ ከዘፍጥረት አይደለም።

5. ምዕራፍ 13 እስከ 16። አነማሪ ፖስታ ይዛ ወደ ሄንሪክ ጀልባ በጫካ ትሮጣለች፤ ወታደሮቹ ሲያስቆሟት እንደ ኪርስቲ ሞኝ መስላ ትለፈልፋለች። እስከዚህ ኪርስቲን እንደ ማሳቂያ የዘለለ ልጅ ይህ ቦታ ያመልጠዋል። ፖስታው ውስጥ ያለው መሃረብ የደረቀ የጥንቸል ደምና ኮኬይን ተቀብቷል፤ ደሙ በጀልባ የተደበቁ ሰዎችን በሽታ የሚፈልገውን የጀርመኖች ውሻ ይስባል፣ ኮኬይኑ አፍንጫውን ያደነዝዘዋል።

6. የደራሲዋ ማስታወሻ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ። ቀድሞ ከተነበበ ሦስተኛውን ዓምድ ይሞላባችኋል። ቤተሰቡ ልብ ወለድ ነው፤ መሃረቡ ግን እውነት ነው። ዱክዊትስ የተባለ ጀርመናዊ ባለሥልጣን ምስጢሩን አስቀድሞ ማውጣቱም፣ ከ7,000 በላይ አይሁዶች ወደ ስዊድን መሻገራቸውም እንዲሁ። ሁለት ስሕተት በብዛት ይደጋገማል። የመጀመሪያው የዴንማርክ ንጉሥ ለአይሁዶች አጋርነት ብሎ ቢጫ ኮከብ አደረገ የሚለው ነው፤ ዴንማርክ ውስጥ አይሁዶች ኮከብ እንዲለብሱ ጨርሶ አልታዘዙም፣ የኤለንም የአንገት ጌጥ ነው። ሁለተኛው ሁሉም አመለጡ የሚለው ነው። 470 ያህል ሰዎች ቴሬዚየንሽታት ወደተባለው የናዚ እስር ካምፕ ተወስደዋል። በዚያችው በጊለላይ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ተደብቀው የነበሩ 80 ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት ተይዘዋል።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱና አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሐብሉ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበር? በሊሰ የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ በቢጫ ቀሚሷ ኪስ። ያስቀመጠችው አነማሪ ናት።