ኳታር ላይ አሠሪ መቀየር፦ ከቤቱ ከመውጣትሽ በፊት ወረቀቱ ይቅደም

ይህ ጽሑፍ ዶሃ ሰው ቤት እየሠራሽ አሠሪ መቀየር ለምትፈልጊ እህቴ ነው። በድርጅት ቪዛ ላሉ ወንድሞችና እህቶችም አብዛኛው ያገለግላል።

ከ2020 ወዲህ በኳታር ሕግ ሥራ ለመቀየር የከፊል፣ ማለትም ቪዛሽን የያዘው አሠሪ፣ ፈቃድ አያስፈልግም። ድሮ ኤንኦሲ የሚባለው፣ አሠሪው «ብትሄድ አልቃወምም» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ቀርቷል፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር። ስለዚህ ማዳም «እኔ ካልፈቀድኩ የትም አትሄጂም» ብትልሽ አትደንግጪ። ግን ሻንጣሽን ይዘሽ ውልቅ እንዳትዪ! ሳታሳውቂ ከወጣሽ አሠሪሽ «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክትብሻል፣ ከዚያ ነገሩ የሥራ ቅያሬ መሆኑ ቀርቶ የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል፣ እስከ መታሰርና ወደ አገር እስከ መመለስም ይደርሳል። መብት እያላቸው በአንድ ሌሊት ውሳኔ ሁሉን ያጡ ብዙ ናቸው፣ በጣም ያሳዝናል። እየተመታሽ ወይም ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ወረቀት አትጠብቂ። ውጪ፣ ግን ጓደኛ ቤት አትደበቂ፣ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲያችን ሂጂ።

ከሁሉ በፊት ስልክሽን አስተካክይ። ሲም ካርድሽ በራስሽ መታወቂያ የወጣ መሆን አለበት። ብዙዎቻችን ማዳም በስሟ አውጥታ የሰጠችንን ሲም ነው የምንይዘው፣ እና የኳታር ሠራተኛ ሚኒስቴር ስለ ቅያሬው የሚልከው መልእክት በኤስኤምኤስ ስለሚመጣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቆማል። ከዚያ የመታወቂያሽን ፊትና ጀርባ፣ የፓስፖርትሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ፓስፖርትሽን አሠሪ ይዞ ማስቀመጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ እስከ 25,000 ሪያል ያስቀጣል። መታወቂያሽ መቼ እንደሚያልቅም እይ፣ ሳያልቅ ብትጀምሪ ይሻልሻል።

ቀጥሎ አዲሱን አሠሪ አግኚ። በቃል «ነይ፣ እንስማማለን» ለሚል ሰው ነባሩን ሥራ አትልቀቂ። ደመወዙ፣ የሥራው ዓይነትና የዕረፍት ቀኑ የተጻፈበት፣ የተፈረመበት «እንቀጥርሻለን» የሚል ወረቀት (ጆብ ኦፈር) ተቀበይ። ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፣ መኖሪያና ምግብ አሠሪው ካላቀረበ ደግሞ 500 እና 300 ይጨመራል። የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 አይበልጥም፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት። «ላዘዋውርሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽን ደላላ ራቂው።

አሁን ማስታወቂያው፣ ማለትም ሥራ እንደምትለቂ አስቀድመሽ የምታሳውቂበት። እስከ ሁለት ዓመት ከሠራሽ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የሁለት ወር ማስታወቂያ ትሰጫለሽ። ይህ የሚደረገው በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ነው፣ ወረቀቶቹን እዚያው ታያይዣለሽ። ቋንቋው ካስቸገረሽ የሚያነብልሽ ሰው ይቀመጥ እንጂ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። ማረጋገጫው ሲመጣ ስክሪንሾት አንሺ፣ ነገ «ጠፋች» ቢሉሽ አፍ የሚያስይዝልሽ እሱ ነው። በሙከራ ጊዜ ላይ ከሆንሽም መቀየር ትችያለሽ፣ ግን አዲሱ አሠሪ አንቺን ለማምጣት የወጣውን ወጪ ለቀድሞው ይከፍላል፣ ያም ከሁለት ወር መነሻ ደመወዝ አይበልጥም። ካንቺ ደመወዝ እንዳይቆርጡት።

ማስታወቂያው እስኪያልቅ እዚያው ሥሪ። ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ ኩርፊያውም ስድቡም ይኖራል፣ ግን ቻዪው። በዚያው ጊዜ አዲሱ አሠሪ ኮንትራቱን በኢንተርኔት ያዘጋጃል፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ሚኒስቴሩ ካጸደቀው በኋላ አሠሪው አዲሱን መታወቂያ ይጠይቅልሻል። ይህ ሳይሆን «እስከዚያ በትርፍ ጊዜሽ ነይ» ቢልሽ እምቢ በይ፣ በቪዛሽ ላይ ከሌለ ሰው ቤት መሥራት ክልክል ነው።

ደመወዝ ከከለከሉሽ ወይም የሐሰት ክስ ካቀረቡብሽ እዚያው ሚኒስቴር አቤቱታ አስገቢ። መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራሉ፣ ካልተሳካ ወደ ሥራ ክርክር ኮሚቴ ይመራል።

ከመውጣትሽ በፊት ሒሳብሽንም ጠይቂ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራች የቤት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አላት። በወር 1,500 ሪያል እያገኘሽ ሦስት ዓመት ከሠራሽ 3,150 ሪያል ገደማ ይሆናል፣ ያልወጣሽው የዓመት ዕረፍት ካለ እሱም ይታሰባል። ገንዘቡን ቆጥረሽ ሳትቀበዪ «ሁሉንም ወስጃለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ።