የሙዚቃ ስብስብዎ ከሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲጠፋ፦ ከኔትወርኩ ጀምሮ መፈተሽ

ትናንት ማታ ከሌላው ክፍል ኮምፒውተር ሙዚቃ እየሳበ ሲያጫውት ያመሸ ላፕቶፕ፣ ዛሬ ጠዋት ሲከፈት የጋራው ስብስብ ስም ከዝርዝሩ ጠፍቷል። የስሕተት መልእክት እንኳ የለም። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ማጫወቻው ፕሮግራም ነው። እኔም አንድ ሙሉ ቅዳሜ እንዲህ አልፎብኛል፤ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጫንሁት፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከመጀመሪያው አደራጀሁት። ሲመሽ ነው ላፕቶፑ በራሱ ጊዜ ለእንግዶች ወደ ተዘጋጀው ዋይፋይ ዞሮ እንደ ነበር ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ፍተሻዬን የምጀምረው ከኔትወርኩ ነው፤ ፕሮግራሙን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ይሞክሩት፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት ይመልሱት። ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደ ፈታው አያውቅም።

1. ሁለቱም ነቅተዋል?

ሙዚቃው ያለበት ኮምፒውተር እንቅልፍ ላይ ከሆነ ምንም ሊያጋራ አይችልም። በአፕል የቤት ውስጥ ማጋሪያ (Home Sharing) ደግሞ ኮምፒውተሩ መብራቱ ብቻ አይበቃም፤ አይቱንስ ወይም ሙዚቃ የተባለው ፕሮግራም በሁለቱም ላይ መከፈት አለበት።

2. አድራሻቸውን ያነጻጽሩ

በዊንዶውስ ቅንብሮችን ከፍተው ወደ ኔትወርክና ኢንተርኔት ይግቡ፤ የተገናኙበትን መስመር ሲጫኑ የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ይታያል። በማክ ደግሞ በሥርዓት ቅንብሮች ውስጥ ዋይፋይን ከፍተው ከተገናኙበት ኔትወርክ አጠገብ ያለውን ዝርዝር ይመልከቱ። የሁለቱንም አድራሻ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ።

አንደኛው 192.168.1.12፣ ሌላው 192.168.1.35 ቢሆን በአብዛኛው ቤት ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ናቸውና። 192.168.1.12 እና 192.168.0.7 ቢያዩ ግን ሦስተኛው ቁጥር ተለያይቷል። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሁለት ራውተር ሲኖር፣ ሁለቱም በየራሳቸው አድራሻ ሲያድሉ ነው። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ከራሱ ቅንብር ገብተው ወደ አክሰስ ፖይንት አሠራር (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ፣ አድራሻ የማያድል) መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ አድራሻ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ይሆናል። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላላገኘ ለራሱ አንድ አውጥቷል ማለት ነው፤ ግንኙነቱን አቋርጠው እንደገና ያገናኙት።

አድራሻዎቹ ተመሳስለውም ላይተያዩ ይችላሉ። የእንግዳ ዋይፋይ ተጠቃሚዎችን ሆን ብሎ ይለያያል፤ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ አንዱን ከሌላው አያገናኝም። በዋናው ዋይፋይም ላይ ቢሆን መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚነጥል ቅንብር በአንዳንድ ራውተሮች ላይ አለ። ይህን ለማወቅ አንዱን ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። በኬብል ታይቶ በዋይፋይ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በዋይፋዩ ቅንብር ነው።

3. ጥሪው ይደርሳል?

ይህን ክፍል ሰው ሁሉ ቢረዳው እወዳለሁ፤ ከችግሩ ብዙው የሚያድረው እዚህ ነውና። ሙዚቃ የሚያጋራ ኮምፒውተር «እዚህ ነኝ» እያለ በኔትወርኩ ላይ ይጣራል። የአፕል ፕሮግራሞች ቦንዡር በሚባለው ዘዴ በ224.0.0.251 አድራሻና በ5353 ፖርት (መልእክት የሚያልፍበት ባለ ቁጥር በር) ይጣራሉ፤ ዲኤልኤንኤ የተባለውን ሌላ የሚዲያ ማጋሪያ ዘዴ የሚጠቀሙት ደግሞ በ239.255.255.250 እና በ1900 ፖርት። ጥሪው የሚሰማው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ላሉት ብቻ ነው፤ ራውተር ተሻግሮ ወደ ሌላ ኔትወርክ አይሄድም። ስለዚህ ኢንተርኔቱ በደንብ እየሠራ፣ ስብስቡ ግን ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የሁለቱ መንገድ የተለያየ ነው።

ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ከፍተው ከሆነ ያጥፉትና ይሞክሩ። ስሙ ታይቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በራውተሩ ውስጥ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (IGMP snooping) የተባለውን፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ለማን እንደሚደርስ የሚወስን ቅንብር ይመልከቱ፤ ትክክል ካልሠራ ጥሪውን መሀል ላይ ያስቀረዋል። አጥፍተውት ለውጥ ካላመጣ መልሰው ያብሩት።

ሙዚቃውን በጋራ ፎልደር የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ጥሩ ፈተና አለ። በዊንዶውስ የፋይል መመልከቻው አድራሻ መጻፊያ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞችን (\\)፣ ቀጥሎም የሌላውን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ይጻፉ። በአድራሻው ከተከፈተ፣ ስሙ ግን በዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ መንገዱም ፈቃዱም ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው ጥሪው ብቻ ነው። በፒንግ (ሌላው ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደ ሆነ በሚጠይቅ ትእዛዝ) ሞክረው መልስ ባያገኙ ግን ቶሎ አይደምድሙ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል፣ ማለትም ገቢ ግንኙነትን የሚቆጣጠረው መከላከያ፣ ብዙ ጊዜ ለፒንግ መልስ አይሰጥም።

4. ፋየርዎሉ ይፈቅዳል?

ዊንዶውስ ኔትወርክን የሕዝብና የግል ብሎ ይለያል። የሕዝብ ተብሎ በተመዘገበ ኔትወርክ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱን ይሰውራል፤ ሻይ ቤት ውስጥ ይህ ትክክል ነው፣ በቤትዎ ግን ማጋራትን ይዘጋል። በኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ «የግል» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያም በፋየርዎሉ ከሚፈቀዱት ፕሮግራሞች መካከል የሙዚቃ ማጫወቻዎን ፈልገው በግል ኔትወርክ ትይዩ ያለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ፖርት በቁጥር መክፈት ካስፈለገ (ቲሲፒና ዩዲፒ የፖርት ዓይነቶች ናቸው) ለአይቱንስ ቲሲፒ 3689 እና ዩዲፒ 5353፣ ለዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ቲሲፒ 445 ነው። ለብቻው የተጫነ ጸረ ቫይረስ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ይፈትሹ።

ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፍቶ መተው መፍትሔ አይደለም። ለፈተና ለአንድ ደቂቃ ቢያጠፉት እንኳ ውጤቱን እንዳዩ መልሰው ያብሩት።

በማክ «ሁሉንም ገቢ ግንኙነት አግድ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ማጋራቱ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ሴኮያ ከተባለው የማክ ሥርዓት ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሞች በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሲመጣ ሳያነቡ እምቢ ብለው ከሆነ በግላዊነትና ደኅንነት ቅንብሮች ውስጥ መልሰው መፍቀድ ይችላሉ።

5. አሁን ወደ ፕሮግራሙ

የአፕል የቤት ውስጥ ማጋሪያ በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት የአፕል አካውንት ይፈልጋል፤ እስከ 5 ኮምፒውተርም ይፈቅዳል። የባልና የሚስት አካውንት የተለያየ ከሆነ፣ ለማጋሪያው ብቻ በአንዱ መግባት ግድ ነው። በዊንዶውስ ላይ ማብሪያው በአይቱንስ የፋይል ምናሌ ውስጥ ነው። በማክ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና የተባለው ሥርዓት ሲመጣ አይቱንስ ስለ ቀረ፣ ማብሪያው ወደ ሥርዓት ቅንብሮች ተዛውሯል፤ በአጠቃላይ ሥር ማጋራት፣ ከዚያም የሚዲያ ማጋራት በሚለው ውስጥ ያገኙታል። ሙዚቃ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ፈልገው ያጡት ለዚህ ነው።

ሙዚቃው በኔትወርክ ማከማቻ ሣጥን (ኤንኤኤስ፣ በኔትወርክ የሚጋራ የዲስክ ሣጥን) ላይ ከሆነና ሣጥኑ አሮጌ ከሆነ፣ ኤስኤምቢ 1 የተባለውን የቀድሞ የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ብቻ ይናገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ዝማኔ በኋላ አዲስ በተጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቋንቋ በነባሪነት ወይ የለም፣ ወይ ሳይሠራበት ሲቆይ በራሱ ይወገዳል። የሣጥኑን ሶፍትዌር አዘምነው ኤስኤምቢ 2ን ወይም 3ን ያብሩ፤ አሮጌውን መመለስ ለጥቃት በር ስለሚከፍት አልመክርም።

6. ይታያል፣ ግን አይጫወትም

እዚህ ከደረሱ ኔትወርኩን ይተዉት። ከዘፈኑ ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ፋይሉ ከቦታው ተነሥቷል፤ ለምሳሌ ውጫዊው ዲስክ አልተሰካም። ፍላክ (FLAC) በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት የተቀመጡትን አይቱንስ አያነብም፤ ወደ አፕል ሎስለስ (የአፕል ጥራት የማይቀንስ የፋይል ዓይነት) ቢለውጧቸው የድምፅ ጥራታቸው አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከ2009 በፊት ከአፕል የተገዙ ብዙ ዘፈኖች የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ስላለባቸው ኮምፒውተሩ ለተገዙበት አካውንት መፈቀድ አለበት።

ዘፈኑ የሚቆራረጥ ከሆነ የኔትወርክ ፍጥነት አነሰ ብለው አይጨነቁ። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሴኮንድ የሚፈልገው 1,411 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ የትኛውም ጤነኛ ዋይፋይ ይህን ይሸከማል። ደካማው ሲግናሉ ነው፤ ላፕቶፑን ወደ ራውተሩ ያስጠጉ ወይም ሙዚቃው ያለበትን ኮምፒውተር በኬብል ያገናኙ።

ሁሉም ሲሠራ በራውተሩ ላይ ሙዚቃው ላለበት ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት። ከላፕቶፑ ከተቀመጡት ኔትወርኮች ዝርዝር ውስጥም የእንግዳውን ዋይፋይ ይሰርዙ፤ ሲግናል በደከመ ቁጥር በራሱ ጊዜ ወደዚያ እንዳይዞር።