የሊኑክስ ኬርነልን የሜሞሪ ኮድ ሪፋክተር ሲያደርጉ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሜሞሪ ኮድን ሪፋክተር ማድረግ (ሥራውን ሳይቀይሩ አደረጃጀቱን ማስተካከል) የሚከብደው ከሕጎቹ ብዙዎቹ በኮዱ ላይ ስላልተጻፉ ነው። የትኛው ሎክ (በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ኮዶች አንድን ዳታ እንዳያበላሹ የሚከላከል ቁልፍ) መያዝ አለበት? መተኛት (ሥራን አቁሞ መጠበቅ) ይፈቀዳል? የቱ ከየቱ ይቀድማል? መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በጠሪው ፋንክሽን ውስጥ ነው።

ዳታ ስትራክቸሩን ቀይሮ የሎክ ሕጉን እንደነበረ መተው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሊኑክስ 6.1 ቪኤምኤዎችን (የፕሮሰስን የቨርቹዋል ሜሞሪ ክልሎች) የሚይዘውን ሬድ-ብላክ ትሪ የተባለ ዛፍ አውጥቶ ሜፕል ትሪ የተባለውን ዛፍ አስገባ። ቀድሞ ስታክ ሲያድግ የኤምማፕ ሎክን (የፕሮሰሱን የሜሞሪ ካርታ የሚጠብቀውን) ለንባብ ብቻ መያዝ ይበቃ ነበር፤ የቪኤምኤው ወሰን ቢቀየርም የዛፉ ቅርጽ አይለወጥምና። በሜፕል ትሪ ግን ያው ሥራ አንድን ኖድ በሌላ ሊተካ ይችላል። አሮጌው ኖድ በአርሲዩ (በአርሲዩ የንባብ ክልል ውስጥ ያሉ አንባቢዎችን ብቻ ጠብቆ ሜሞሪን በሚለቅ ስልት) በኩል ሲለቀቅ፣ የንባብ ሎክ ብቻ ይዞ ዛፉን የሚያነብ ሌላ ትሬድ የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይቀራል። በ2023 ስታክሮት ተብሎ የታወቀው ተጋላጭነት፣ ሲቪኢ-2023-3269፣ የመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ስታክ ሲያድግ የጽሕፈት ሎክ እንዲያዝ ማድረግ ሆነ። ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ጠሪ የሎክ ሁኔታ መዝግቡ፤ ግምታችሁንም በሎክዴፕ (በኬርነሉ የሎክ መርማሪ) ማረጋገጫ ኮዱ ውስጥ ጻፉት።

የሜሞሪ ጥያቄን ስፒንሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ ደጋግሞ እየሞከረ የሚጠብቀው ሎክ) ወደተያዘበት ቦታ ማዛወር። ጂኤፍፒ-ኬርነል የሚባለው የተለመደው የሜሞሪ ጥያቄ ሊተኛ ይችላል፤ ስፒንሎክ ይዞ መተኛት ደግሞ ክልክል ነው። ሁሉን በማይተኛው ጂኤፍፒ-አቶሚክ መተካት የመጠባበቂያ ሜሞሪን ያራቁታል። ሎኩን ሳትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፔጅን (የሜሞሪ መሠረታዊ ቁራጭን) በፎሊዮ በጅምላ መተካት። ከሊኑክስ 5.16 ጀምሮ ያለው ፎሊዮ ብዙ ፔጆችን ሊይዝ ይችላል። የፔጅ መጠን የሚል ስሌት በቦታው ከቀረ የመጀመሪያው ፔጅ ብቻ ይሠራለታል። 4096 ብሎ መጻፍማ ጭራሽ አይገባም፤ በአርም 64 ላይ ፔጅ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል።

የፔጅ አለቃቀቅ ቅደም ተከተልን ማፋለስ። መጀመሪያ በፔጅ ቴብሉ (በአድራሻ መተርጎሚያው ሠንጠረዥ) ያለው መስመር ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቲኤልቢው (የፕሮሰሰሩ የአድራሻ ትርጉም ካሽ) ይጸዳል፣ ፔጁ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከተገለበጠ ሌላ ኮር በአሮጌው አድራሻ የሌላ ፕሮሰስ ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

የስህተት መንገዱን አለመፈተን። በ4 ኪሎባይት ፔጅ እስከ 32 ኪሎባይት የሚደርስ የጂኤፍፒ-ኬርነል ጥያቄ በተለመደው ሙከራ አይከሽፍም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከክሽፈት በኋላ የሚሠራው ኮድ ሳይነካ ይቀራል። በፌልስላብ (የሜሞሪ ጥያቄን በሚያከሽፍ መሣሪያ) ሆን ብላችሁ አክሽፉት፤ ካሳንንና (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም ጠቋሚ) ኬሜምሊክንም (ሳይለቀቅ የቀረ ሜሞሪ ጠቋሚ) አብሩ።

ማዛወርንና መለወጥን በአንድ ፓች መላክ። ለያዩአቸው፤ አለዚያ ጥፋተኛውን ፓች የሚፈልገው ጊት ባይሴክት ጥፋቱ የመጣው ከማዛወሩ ይሁን ከመለወጡ ለይቶ አያሳያችሁም።