ሐም ላይ ለሁለት የሚከፈለው ባቡር

ከበርሊን ወደ ኮሎኝ በፈጣኑ ባቡር፣ በአይሲኢ ልሄድ ነበር። ሰሌዳው ላይ ግን ያው አንድ ባቡር ሁለት ቁጥር ይዞ ብቅ አለ። የኔ የቱ ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚህ መስመር አንዳንድ ባቡሮች ሁለት ሆነው ተያይዘው ይነሱና ሐም የምትባል ከተማ ላይ ይለያያሉ። አንዱ በዶርትሙንድ በኩል ወደ ዱሴልዶርፍ፣ ሌላው በሃገንና በቩፐርታል አድርጎ ወደ ኮሎኝ። በመሃላቸው ማለፊያ በር የለም።

መፍትሔው ትኬቱ ላይ ያለው የባቡር ቁጥር ነው። ፕላትፎርሙ በላቲን ፊደላት የተከፋፈለ ነው። ሰሌዳው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል ጋ እንደሚቆም ያሳያል። ሄጄ እዚያው ቆምኩ። ባቡሩ ሲመጣ በሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ስክሪን አየሁ። ቁጥሩም ገጠመ፣ መድረሻውም ገጠመ፤ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።

ስክሪኗን አትዝለሏት። አንዳንዴ የፉርጎዎቹ ተራ ይገለበጥና ሰው ሁሉ ሻንጣ እየጎተተ ይራወጣል። ሌላኛው ግማሽ ውስጥ ከገባችሁም አትደንግጡ። ሐም ላይ እስኪላቀቁ ጥቂት ደቂቃ ይቆማሉ፤ ወርዶ ወደ ሌላው መሮጥ ነው።