ለጤና ኮሌጅ ቃለ መጠይቅ ለምትዘጋጁ

ደሴ ላይ የጤና ኮሌጅ መግቢያ ቃለ መጠይቅ ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» ስትባሉ «ሰው መርዳት ስለምወድ» ብላችሁ አትቁሙ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ያያችሁትን ተናገሩ። አያታችሁን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና ወስዳችሁ ከሆነ፣ ነርሷ እንዴት እንዳነጋገረቻቸውና እናንተ ያኔ ምን እንዳሰባችሁ በሁለት ደቂቃ አውሩ። ግን አትሸምድዱት፤ አንዷ ቃል ከጠፋች ሁሉም ይጠፋል። ይልቅ ድምፃችሁን በስልክ ቀድታችሁ ስሙት። እኔ ስናገር ምን ያህል እንደምቸኩል ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

ከወልድያ የምትመጡ፣ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ከዋዜማው ገብታችሁ እደሩ። ሹራብ ያዙ፣ የደሴ ጠዋት ይበርዳል። የትምህርት ማስረጃችሁንም ከነኮፒው።