ሥጋ መበላሸቱን በቀለም የሚያሳይ ናኖፋይበር አሠራር

ናኖፋይበር እጅግ ቀጭን ክር ነው፤ እዚህ የሚሠራው ሥጋ ሲበላሽ በሚያወጣው አሞኒያ ቀለሙ የሚቀየር ነው። ሰበታም ይሁን ሱሉልታ፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ይህን ሥራ የሚያከብደው ከኬሚካሉ ይልቅ ከፍታውና እርጥበቱ ነው። ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ «በ95 ዲግሪ ያሟሙ» የሚል መመሪያ እዚህ አይሠራም።

12 ግራም ፖሊቪኒል አልኮል (ክሩ የሚሠራበት ፖሊመር) 88 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የተጣራ ውኃ ላይ እያማሰሉ ይነስንሱ። ሙቅ ውኃ ላይ ከነሰነሱት በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ይጓጉላል። ከዚያ ከድነው 85 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት ያማስሉ።

ቀለሙ የሚገኘው ከቀይ ጥቅል ጎመን ነው። 100 ግራም ከትፈው፣ ግማሽ ግራም ሲትሪክ አሲድ በገባበት 200 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኤታኖል ነክረው ጨለማ ውስጥ ያሳድሩት። አጥልለው፣ ከ50 ዲግሪ ሳያሳልፉ፣ ከእሳት ነበልባል ርቀው፣ 30 ሚሊ ሊትር እስኪቀር ያትንኑት። አሲዱ ከበዛ ከሥጋው የሚወጣው አሞኒያ መጀመሪያ አሲዱን በማምከን ያልቃል፤ ቀለሙም ዘግይቶ ይቀየራል። ፖሊመሩ ሲቀዘቅዝ 4 እጁን ከ1 እጅ ቀለም ጋር ይቀላቅሉ።

ውህዱን በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ክር ለመፍተል ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ 21 ቁጥር መርፌ፣ ፍሰቱ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ክሩ የሚያርፍበት ፎይል 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከ12 ኪሎ ቮልት ይጀምሩ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ብልጭታ ቶሎ ይመጣል፤ «ስስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ቮልቴጁን ይቀንሱ። መብራት ከሄደ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ፤ መርፌውን ግራውንድ በተደረገ (ከመሬት ጋር በተያያዘ) ዘንግ ሳይነኩ እጅዎን አያስገቡ። መብራቱ ሲመለስ አስጠንቅቆ አይመጣምና።

ጥሩ ፈትል የማያበራ፣ ፈዛዛ ሮዝ ጥጥ ይመስላል። መስተዋት መስሎ ካበራ ክሮቹ እርጥብ ደርሰው ተጣብቀዋል፤ የክረምት ችግር ነው። ሳጥኑን ዘግተው በሲሊካ ጄል እርጥበቱን ከ50 በመቶ በታች ያውርዱ። በማይክሮስኮፕ እንደ ጨሌ ጉብታ ከታየ ውህዱ ቀጥኗል። በበጋ ደግሞ ውህዱ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ጠፍቶ።

ፖሊቪኒል አልኮል በውኃ ስለሚሟሟ ፈትሉ ሥጋው ላይ አይለጠፍም። 2 በ2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው የሥጋው ዕቃ ክዳን ውስጥ፣ ጋዝ በሚያሳልፍ ውኃ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ሥር ያድርጉት። ከአንድ ታፋ የተቆረጠ ሥጋ ግማሹን 4 ዲግሪ ላይ፣ ግማሹን ውጭ አስቀምጠው በአንድ ዓይነት ብርሃን በየ4 ሰዓቱ ፎቶ ያንሱ፤ ከሮዝ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሮዝ ሆኖ ቆየ ማለት ግን ለቁርጥ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሽታም ጋዝም ሳያወጣ ሊኖር ይችላል።

ለዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ የተለየ የቀለም መለኪያ ያዘጋጁ። የባሕር ዓሣን የሚያሸተው ትራይሜቲላሚን በሐይቅ ዓሣ ውስጥ በአብዛኛው አነስተኛ ስለሆነ ለውጡ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል።