ቦይለሩ ስላንጠባጠበ ብቻ አዲስ አትግዙ

የቆየ ቦይለር ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ጊዜ "አለቀለት፣ ቀይሩት" ይባላል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ አጣሩ። ብሬከሩን አጥፉና የቦይለሩን ስር በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት በቧንቧ መገጣጠሚያዎቹ፣ በኤለመንቱ (ውሃውን በሚያሞቀው ብረት) ክዳን ዙሪያና በታንከሩ ስር ለጥፉ። ትንሽ ጠብታም ቢሆን ሶፍቱ ላይ ወዲያው ይታያል።

መገጣጠሚያው ወይም የክዳኑ ዙሪያ ከረጠበ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ነው፤ ይቀየራል፣ ዋጋውም ከአዲስ ቦይለር ጋር አይወዳደርም። ታንከሩ ራሱ ካንጠባጠበ ግን ውስጡ ዝጓል። ብየዳ የውስጥ ሽፋኑን ስለሚያበላሸው አያዛልቅም፣ ያኔ ቀይሩት።

ሁሉም ደረቅ ከሆነ ብሬከሩን መልሱና ሳትነኩ ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣውን መክፈቻ) ተመልከቱ። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ካለ ብልሽት ላይሆን ይችላል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.8 ሊትር ገደማ ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ በዚያ ይወጣል። ቫልቩን በፍጹም አትድፈኑት፣ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል! ቦይለሩን ስትነኩ ከነዘራችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉትና ብሬከሩን አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።